የቀይ ሥር ደም

ሀጅራ መሐመድሁሴን ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ አጠገብ ያለችው ዲቲኮን ከገባች ዓመት አለፋት። በዚህ ዓመት ውስጥ የቤቷ ደወል የተደወለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እሑድ ቀን ልብስ ማጠብ ክልክል መሆኑን ለመንገር ነበር። የደወሉት አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩት ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ኬለር ናቸው፤ ሽበታቸውን ከጆሯቸው እኩል የሚቆረጡ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ሰላምታቸው አጭር የሆነ አሮጊት። ሀጅራ የደወሉን ድምፅ ስትሰማ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳትጫማ በርራ ከፈተች። «ይግቡ፣ ይግቡ! ምነው ቆሙ?» አለች፣ ጀርመንኛው ጠፍቷት በአማርኛ። ፍራው ኬለር ግን አልገቡም። ስለ እሑድ የሚሉትን ብለው፣ መልካም ቀን ተመኝተው፣ ወረዱ። ሀጅራም በሩን ዘግታ ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ የራሷ ልቅሶ አሳቃትና ተወችው።

ሌላ ሰው «የሰው አገር እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እሷ አታልፈውም። ያደገችው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ የዚያ ቤት በር ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም። እናቷ ረመዳን በመጣ ቁጥር ሙሸበክ የሚባለውን የተጠማዘዘ ጣፋጭ ጠብሳ ትሸጥ ስለነበር፣ ወደ ማፍጠሪያው ገደማ እስላሙም ክርስቲያኑም ሳህኑን ይዞ ግቢው ውስጥ ይኮለኮላል። የገዛውም ያልገዛውም ሳይቀምስ አይወጣም። የሀጅራ ድርሻ ሽሮፑ ነበር። ስኳሩ ሲንተከተክ ጠብታ ወስዳ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ትጫነዋለች፤ ጣቶቿን ስታላቅቅ ቀጭን ክር ከተሳበ ደርሷል፣ ክሩ ቶሎ ከተበጠሰ ገና ነው። ይህን ሙያ ይዛ ነው ቤሩትን አልፋ፣ ስንቱን አይታ ዤኔቭ የገባችው። ሙሸበክ ሥሪልን ብሎ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም፤ እሷም ረስታው ኖረች።

ዤኔቭ፣ ለዛቫንሼ በሚባለው የፎቅ ሰፈር፣ ዐሥር ዓመት ኖራለች። እዚያ አግብታ፣ እዚያ ወልዳለች። ጎረቤቷ እትዬ ታየች ነበሩ፤ የወልድያ ሰው፣ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ፣ ሳቃቸው ከሦስት ፎቅ በላይ የሚሰማ። ሁለቱ ሴቶች በሥጋ ድስት አይገናኙም፤ እትዬ ታየች የክርስቲያኑን፣ ሀጅራ የእስላሙን ይበላሉ። ከሥጋ ውጭ ግን የማይካፈሉት ነገር አልነበረም፤ ጨውም፣ ልጅም፣ ሐሜትም። ከዚያ ባሏ ሳሊሕ ዲቲኮን አጠገብ ባለ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ቋሚ ሥራ አገኘና ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ዙሪክ መጡ። ሳሊሕ ሥራውን ወደደው። ሀጅራም በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ጠዋት ጠዋት ቁርስ የምታድልበት ሥራ አላጣችም። ያልሆነላት ልጃቸው ያስሚን ነች።

ያስሚን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በፈረንሳይኛ ምላሷ አላርፍ ያለ ልጅ፣ ጀርመንኛ የሚነገርበት ክፍል ስትገባ ጭጭ አለች። ቋንቋው መግባቱ ገብቷታል፤ መናገሩን ነው የፈራችው። ሀጅራ በየቀኑ «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትሽ?» ትላለች። «ከማንም» ትላለች ልጅቷ።

«ታዲያ አንዷን ይዘሻት አትመጪም?»

«ኖን፣ ማማ። እዚህ እንደዛ አይደለም። ቴርሚን ያስፈልጋል።»

ቴርሚን ማለት ቀጠሮ ነው። ሀጅራ ለጥርስ ሐኪም፣ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለማሞቂያ ጠጋኝ ቴርሚን ይዛ ታውቃለች። ሕፃን ልጅ አሻንጉሊት ይዞ ለመቀመጥ ቀጠሮ ያስፈልገዋል ሲባል ግን አልዋጥላት አለ። ለማንኛውም በዓመቱ ውስጥ አንድም ልጅ ቤታቸው አልገባም። ድሮ ከአላህ የምትለምነው ነገር ብዙ ነበር፤ አሁን ልመናዋ ሁሉ አንድ ሆኗል። አንዲት ልጅ ብቻ፣ አንዲት፣ መጥታ ከያስሚን ጋር ትቀመጥልኝ ነው የምትለው።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት ያስሚን ቦርሳዋን ሳታወርድ ማድ ቤት ገባች። ጉንጯ ቀልቷል።

«ማማ፣ ለክፍሉ ልጆች ነገርኳቸው። የኔ ማማ ደም ትሠራለች አልኳቸው።»

«ምን ትሠራለች?»

«ደም። የሚበላ ደም። ለሃሎዊን።»

ሀጅራ የያዘችው ጭልፋ ከእጇ ወደቀ። «አስተግፊሩላህ! አንቺ ልጅ!»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ሃሎዊን የሚሉት ቀን ደርሷል። ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው በየፎቁ እየዞሩ ደወል ይደውላሉ፣ ጣፋጭም ይቀበላሉ። የክፍሉ ልጆች ማን ምን እንደሚለብስ፣ እናቱ ምን እንደምትገዛ ሲያወሩ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለችው ያስሚን ድንገት ከኋላ «የኔ እናት ደም ትሠራለች፣ ይላሳል» አለች። ክፍሉ ዞር ብሎ አያት። ሊና የምትባል፣ እዚያው መንገድ ላይ የምትኖር ልጅ፣ «እውነትሽን ነው? እንመጣለን!» አለች።

«እመጣለሁ አለች?» አለች ሀጅራ።

«አራት ናቸው የሚመጡት።»

እንግዲህ ሀጅራን ባያችኋት! ደም በእሷም ሃይማኖት በእትዬ ታየችም አይቀመስም። ልብስ ላይ ጠብ ካለ እንኳ ታጥቦ ነው የሚሰገደው። ሕፃናት ደም ሊልሱ ቤቴ ይምጡ ብሎ መጥራት የጤና ነው? ግን አራት ልጆች እንመጣለን ብለዋል። ማታ ሳሊሕ ከሥራ ሲገባ ፍርዱን ለእሱ ተወችለት።

ሳሊሕ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። «ሀጅራ፣ ቀይ ሽሮፕ በይውና ገላገይው። እናትሽ ስትሠራው የኖረችው አይደል?» አላት።

ሽሮፕ! ይህን ሲላት የእናቷ ግቢ ትዝ አላት። የሆነ ሆኖ አንድ ነገር ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። በቤቷ ሰይጣን መስሎ የሚወጣ ልጅ የለም። ያስሚን አሰበችና የጥርስ ሐኪም እሆናለሁ አለች፤ ነጭ ካፖርት፣ ደም የነካው። ሳሊሕ እንደ እውነቱ ከሆነ ከሰይጣኑ የበለጠ የሚያስፈራው ይህኛው ነው አለ።

ቀኑ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እናትና ልጅ ባቡር ተሳፍረው ዤኔቭ ወረዱ። በለዛቫንሼ ሰፈር በየዓመቱ ለሃሎዊን የሰፈሩን ልጆች አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው የሚያበሉት እትዬ ታየች ነበሩ። ሀጅራ ያን ጊዜ ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳ ስለነበር ግብዣውን አንድም ቀን አላየችውም፤ ያስሚን የምትለው ደም የእትዬ ታየች መሆኑን ያወቀችው ገና አሁን ነው።

«ደም ፈልገሽ መጣሽ፣ ሀጁ? ቤት ሙሉ ነው!» አሉ እትዬ ታየች በሩን ገና ሳይከፍቱ። ያስሚን ሰላም ብላ ሳትጨርስ የድሮ ጓደኞቿ ደረጃው ላይ ጠልፈው ወሰዷት። ወዲያው የፈረንሳይኛ ጫጫታዋ ከታች ተሰማ። ሀጅራ ያን ድምፅ ከሰማችው ቆይቷል። መስኮቱ ጋ ቆማ አዳመጠችና ዓይኗ ሞላ።

እትዬ ታየች አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ሽርጥ አቀበሏት። «ስሚኝ። መጀመሪያ ጊዜ የሱቅ ቀለም ገዛሁ። ልጄ ሮቤል ከጀርባው አነበበልኝ፤ ለካ ቀለሙ ከነፍሳት ነው የሚወጣው! እኔ ጽጌን የምጾም ሴት፣ ትኋን ልልስ? ማርያምን፣ በመስኮት ልወረውረው ነበር። ማወፈሪያውን ደግሞ ከዐሳማ አጥንት ነው አሉኝ። በሉ እሱም ይቅር አልኩ፤ እኔም አልበላው፣ ያንቺም ልጅ አትበላው።»

«ታዲያ በምን አደረጉት?»

እትዬ ታየች የማድ ቤቱን ቁም ሳጥን ከፍተው አንድ የተሞላ ማሰሮ አወጡ። ተልባ ነው። ሀጅራ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ተልባው ሳይፈጭ በውኃ ይፈላና ሲያዝለገልግ በወንፊት ይጠለላል፤ ወንፊቱ ያጠለለው ልክ እንደ እንቁላል ነጩ ክፍል ተጎትቶ ይወርዳል። ስኳሩ ለብቻው ይፈላል። ከርከዴ ይዘፈዘፍና ኮምጠጥ ያለው ቀይ ውኃው ይገባበታል። ትንሽ ካካዎ ጣል ይደረጋል፤ ያለሱ ደሙ የከረሜላ መልክ ይይዛል። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ከበረደ በኋላ፣ የቀይ ሥር ጭማቂ። ቀይ ሥሩ እሳት ላይ ከገባ ይጠወልግና ቡኒ ይሆናል።

ስኳሩ ሲፈላ ሀጅራ ማንም ሳያዛት ጠብታ ወስዳ በሁለት ጣቷ ተጫነችው። ክሩ ተሳበ፣ አልተበጠሰም። «ደርሷል» አለች። እትዬ ታየች ዞር ብለው አዩዋት። «ዐሥር ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ይህን ሙያ ደብቀሽኛል?» አሉ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ሁለቱም ጣታቸውን እየነከሩ ቀመሱ። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው ደም የሚልሱ ሁለት የወሎ ሴቶች! ከንፈራቸው ቀልቶ ሲተያዩ በሳቅ ፈረሱ። እትዬ ታየች ወንበር ይዘው ነው የቆሙት። ሀጅራም ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አልሳቀችም ነበር።

ሲለያዩ በደሙ የተሞላ ትልቅ ጠርሙስ አሸከሟትና ምክር ጨመሩ። «እንግዳ ከመጣልሽ ደጅ ላይ አታስቁሚው፣ ሀጁ። አስገብተሽ፣ አስቀምጠሽ፣ ጥግብ ይበል።» ይህ ምክር ለሀጅራ ሊነገር የሚገባው አልነበረም፤ ለዓሣ ዋና እንደማስተማር ነው። ሊነገራት የሚገባው ሌላ ነበር፤ እሱን እትዬ ታየች አላነሡትም፤ የለዛቫንሼው ግብዣ አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ አያስፈልግም ነበር።

ዙሪክ ደርሰው ወደ ዲቲኮን የሚሄደውን፣ ኤስ ባን የሚሉትን የከተማ ባቡር ሲሳፈሩ ፊት ለፊታቸው ማን ተቀመጠ? ፍራው ኬለር። ሀጅራ አንገቷን ነቀነቀች፣ እሳቸውም ነቀነቁ። ባቡሩ ገና ከጣቢያው ሳይርቅ የፍራው ኬለር ዓይን ወለሉ ላይ ተተከለ። ከሀጅራ ቦርሳ ሥር ወፍራም ቀይ ነገር ወደ ጫማቸው እየተሳበ ነበር። «ያ... ሥጋ ነው?» አሉ። ጎን ያለው ወጣት ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ተነሣች።

ሀጅራ ጀርመንኛውን ፈለገች፤ አንድ ቃል አልመጣ አለ። ደንግጣ ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቦርሳውን ከፈተች፣ ጠርሙሱ ላይ የተንጠባጠበውን በጣቷ ጠረገች፣ ላሰችው። ከዚያም «ጉት!» አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው።

ያስሚን በእናቷ ክንድ ውስጥ ፊቷን ደበቀች። በኋላ ግን ቀና አለችና በትንሽ ድምፅ «ስኳር ነው፣ ለሃሎዊን» አለች፤ ጠርሙሱንም ወደ አሮጊቷ አስጠጋች። ፍራው ኬለር ጥቂት አመነቱ። የእጅ ጓንታቸውን አወለቁ፤ በትንሹ ጣታቸው ጫፍ ቀመሱ። «ራንደ» አሉ። ቀይ ሥርን እዚያ አገር እንዲህ ነው የሚሉት። ከዚያም ከቦርሳቸው ሶፍት አውጥተው ወለሉን ከሀጅራ ጋር ጠረጉ፤ ሲወርዱ እንደ ወትሮው አጭር ሰላምታ ሰጥተው ሄዱ።

የሃሎዊን ዕለት ዓርብ ነበር። ሀጅራ ከሥራ ስትመለስ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። ለውዝ እንደ ጥፍር የተሰካባቸው፣ የጣት ቅርጽ ያላቸው ብስኩቶች እንደ እትዬ ታየች ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ጋገረች፤ ደሙ ላይም ሎሚ ጨመቀችበት። ዱቄቱን ለሙሸበክ አቡክታ አድራ ነበርና እየጠመዘዘች ጠበሰችው፣ ሽሮፑ ውስጥ ነከረችው፤ ተደራርቦ ሲቀመጥ ቁርጥ የአንጀት ጥቅል መሰለ። እናቷ ብታያት ምን ትል ይሆን እያለች ብቻዋን ሳቀች።

ማድ ቤቱ ወለል ላይ ደግሞ ሳሊሕ ወደ ሥራው ከመውጣቱ በፊት ያስቀመጠው ትልቅ፣ ቀይ ዱባ ነበር። ሀጅራ ልቧ ተነካ። ምን ዓይነት ባል ነው! እንግዳ በጣፋጭ ብቻ ሆዱ እንደማይሞላ አስቦ! ዱባውን ላጠችው፣ ከተፈችው፣ ሽንኩርቱን አቁላልታ በርበሬውን ጨምራ ልውስ ያለ የዱባ ወጥ ሠራችው። ደረጃው ሁሉ ሸተተ።

ያስሚን ከትምህርት ቤት ገብታ ዙሪያዋን አየች። ጠረጴዛውን ስታይ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ማማ፣ ዱባው የት አለ?»

«ድስቱ ውስጥ ነዋ።»

ልጅቷ ድስቱን ከፈተችና ቁጭ አለች። «እሱ ለበሩ ነበር! ዓይን አውጥተን፣ መብራት አድርገን፣ በር ላይ ነው የሚቀመጠው። ዱባ ያለበት በር ብቻ ነው የሚደወለው። ዱባ ከሌለ ዝም ብለው ያልፋሉ!»

«እነ ሊና ያንቺን ቤት ያውቁ የለ?»

«ሕጉ ነው፣ ማማ! ዱባ ከሌለ አትረብሹ ማለት ነው!»

ሀጅራ እናት ናት፤ ሰማይ ቢደፋባት ይሻላት ነበር። ገበያ ሮጣ ሄደች፤ የቀረ ዱባ አልነበረም። ስትመለስ ያላትን አደረገች። ድስቱን ከነወጡ አንሥታ በሩ ደጃፍ ላይ፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «ይኸው ዱባ» አለች። ያስሚን በዕንባዋ መሀል እንኳ አልሳቀችም። ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ከበሩ ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ጨለም ሲል ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። በፍራው ኬለር ፎቅ ተደወለ፤ «ጣፋጭ ወይስ ኮምጣጣ!» የሚለው የልጆቹ ጩኸት፣ ቀጥሎም ሳቅ ተሰማ። ኮቴው ወደ ላይ መጣ። በራቸው ጋ ደረሰ። ቆመ። አንዷ አሸተተች። «እዚህ ዱባ የለም» አለች በጀርመንኛ። ኮቴው አልፎ ወደ ላይ ወጣ።

«የሊና ድምፅ ነው፤ ከነሱ ጋር ናት» አለች ያስሚን።

«ክፈቺና ጥሪያታ!»

«አይቻልም!»

ሀጅራ በዚህ ጊዜ ጠርሙሱ አልከፈት ብሏት ትታገል ነበር። ክዳኑ ድንገት ተስፈንጥሮ ወጣና ደሙ እጇን እስከ ክርኗ፣ ሻሿንም ጭምር ነከረው። ኮቴው ከላይ መውረድ ጀመረ። አሁንም በራቸውን ካለፈ ከሕንፃው ወጣ ማለት ነው። ከዓመት እስከ ዓመት የጠበቀችው ኮቴ በደጇ እያለ ልታሳልፈው? ወዲያው በሩን በረገደችው፤ አንድ እጇን የደረጃው መደገፊያ ላይ አሳርፋ ወጣችና ያላትን ጀርመንኛ ሁሉ ሰበሰበች።

«ኮም! ኮም! ኤሰን!» አለች። ኑ፣ ብሉ ማለቷ ነው።

አንድ አጽም፣ አንድ የሌሊት ወፍ፣ አንድ ጠንቋይ፣ አንድ በመጋረጃ የተሸፈነ መንፈስ እስከ ክርኗ ደም የነካት ሴት አዩና የእውነት ጮኹ። ጩኸታቸው ከላይ እስከ ታች ፎቁን አናወጠው። መንፈሱ መጋረጃው ጠልፎት ወደቀ። ሀጅራም ደንግጣ አብራ ጮኸች።

ያን ጊዜ ነው ያስሚን ከእናቷ ብብት ሥር የወጣችው። ነጭ ካፖርቷን ለብሳለች። የእናቷን እጅ ያዘች፣ ከመዳፏ እስከ አንጓዋ ላሰችው። «ስኳርና ቀይ ሥር ነው!» አለች በጀርመንኛ። «ከርከዴም አለበት። የሚያዝለገልገው ደግሞ የተልባ ውኃ ነው፤ እንቁላል የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ የዐሳማም የለበትም!»

ጠንቋይዋ ባርኔጣዋን አነሣች። ሊና ነች። «ልላስ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ሀጅራን የሚያቆማት ማን ነው? ልጆቹ በደጅ ከረጢታቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ እሷ ከረጢት የሚባል አላየችም። አስገባቻቸው። ጫማቸውን አስወለቀቻቸው። በማንቆርቆሪያ እጃቸውን አስታጠበቻቸው። አስቀመጠቻቸው። ጣት አቀረበች፣ አንጀት አቀረበች፣ ደሙን ከላይ አንቆረቆረች። ሊናን በገዛ እጇ አጎረሰቻት፤ ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ አፏን ከፈተች፣ ዋጠች፣ እንደገና ከፈተች። የሌሊት ወፏ እንቁላል የማይስማማት ልጅ ኖራለች፤ በሰው ቤት ያቀረቡላትን ሁሉ ያለ ፍርሃት ስትበላ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ያስሚን ደግሞ ደም እንዴት እንደሚሠራ፣ ባቡር ውስጥ እንዴት እንደፈሰሰ፣ እናቷ እንዴት እንደላሰችው ታወራለች። ሰዋስውዋ ይወድቃል፣ ትነሣለች፣ ትቀጥላለች። ሀጅራ አንድም ቃል ሳይገባት ቆማ አዳመጠቻት።

ችግሩ ታች ነበር። የልጆቹ ወላጆች ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ቆመው ይጠብቃሉ። ጩኸት ሰምተው ፈገግ ብለዋል፤ የሃሎዊን ጩኸት ነው ብለው። ጩኸቱ ቆመ፤ ልጆቹ ግን አልወረዱም። ጠበቁ። አልወረዱም። የሊና እናት ወደ ላይ ስትወጣ የደረጃው መደገፊያ ላይ ቀይ የእጅ አሻራ አየች። በሩ ላይ ሌላ አሻራ አየች። በሩ ተዘግቷል፤ ከወንበሩ ላይ ያለው ድስት በቀይ ነገር ተሞልቷል። «ሊና!» ብላ ጮኸች። የተቀሩት ወላጆች ደረጃውን በሩጫ ወጡ፤ አንዱ አባት ስልኩን አውጥቷል።

ሀጅራ በሩን ስትከፍት አራት የገረጡ ፊቶች ደጇ ላይ ተደርድረዋል። ከኋላዋ ደግሞ አፋቸው ደም በደም የሆነ ልጆች ተቀምጠዋል። ያስሚን በማድ ቤቱ በኩል ይህን አይታ «አበቃ» አለች በልቧ። ከእንግዲህ ማንም አይመጣም።

በወላጆቹ መሀል ገፋ ገፋ እያደረጉ ፍራው ኬለር ብቅ አሉ። ማንንም ሰላም አላሉም። የበሩን አሻራ አዩ፣ ድስቱን አዩ፣ ሀጅራን ከእግር እስከ ራሷ አዩ። ከዚያም በትንሹ ጣታቸው በሩ ላይ ያለውን ደም ጠረግ አደረጉና ላሱት።

«ራንደ» አሉ ወደ ወላጆቹ ዞረው። «ባለፈውም ቀምሼዋለሁ። አሁን ሎሚ ጨምራበታለች፤ ይሻላል።»

አባትየው ስልኩን ኪሱ ከተተ። የሊና እናት ግንቡን ተደግፋ በሳቅ ዕንባዋ ወረደ። ሀጅራም በተሰባበረ ጀርመንኛዋ «ኮም፣ ኤሰን» አለች እንደገና። ሌላ ቃል አልነበራትም፤ አላስፈለጋትምም። ሰዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ድስቱ ከደጅ ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ የዱባ ወጡ በዳቦ ተበላ፣ ድስቱ ተጠረገ። ፍራው ኬለር በርበሬው አስነጥሷቸው ሁለት ጊዜ ጨመሩ። ሳሊሕ ከሥራ ሲገባ ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ፣ የሚስቱ ሻሽ በደም ተነክሮ፣ ልጁ የአንዱን አባት ጥርስ ስትመረምር አገኘ። «ዱባዬስ?» አለ። ሁሉም ድስቱን አሳዩት።

ማታ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ያስሚን አልጋዋ ላይ ሆና እናቷን ጠራቻት። «ማማ፣ ዛሬ ሁሉንም በስሕተት ነው የሠራሽው» አለች። «አውቃለሁ፣ እናቴ» አለች ሀጅራ። «ሊና ግን ሦስት አንጀት በላች» አለች ልጅቷ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ሀጅራ ብርድ ልብሱን አስተካክላላት ወጣች። ግን ሥጋቷ አልለቀቃትም። ይህ የሃሎዊን ነው፤ በሃሎዊን ማንም ይደውላል። ነገስ?

እሑድ ከሰዓት ደወሉ ተደወለ። ሀጅራ ደነገጠች፤ ልብስ አላጠበችም፤ ውኃ እንኳ አልከፈተችም። እየሮጠች ከፈተች። ደጁ ላይ የቆመችው ሊና ነች፣ ለብቻዋ፤ ዓይንና ጥርስ የተቀረጸበት ዱባ በሁለት እጇ አቅፋለች። ከቤቷ በር ላይ ያነሣችው ነው።

«እናቴ፣ በዚህ ዱባ ያን ቀይ ምግብ መሥራት ይቻላል ወይ ብላለች» አለች። ከዚያም ሀጅራ እንዳልገባት አይታ ፈራች። «ቴርሚን የለኝም» አለች በዝግታ።

ሀጅራ ከዚያ ሁሉ ቃል አንዱን ብቻ ለይታ ሰማች። «ቴርሚን የለሽም?»

ሊና አንገቷን ነቀነቀች።

«ያስሚን!» ብላ ተጣራች ሀጅራ፣ ድምፅዋ እንደ እትዬ ታየች ሳቅ ከሦስት ፎቅ በላይ ተሰማ። «ያስሚን፣ ነይ! እንግዳ መጥቶልሻል!» ዱባውን ከልጅቷ ተቀበለች፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ በሩንም ሳትዘጋ ወደ ማድ ቤት ገባች።